ለሦስት ሰው ብቻ ቦታ የቀረው ጀልባ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የዶኛ ኤኔይዳ ጆሮ ግን የዚያን ዕለት ጧት ለባለቤቱ ከሚገባው በላይ ታማኝ ሆኖ ዋለ። በሁለቱ ጠባብ የመርከብ ክፍሎች መካከል ያለችው በር ገርበብ ብላ ነበር ያደረችው፤ እሳቸው ከልጅ ልጃቸው ከአማሪስ ጋር በዚህኛው፣ ሴት ልጃቸው ኢቬሊስና ባሏ ኤድጋርዶ በዚያኛው። መርከቡ ሲያጓራ አድሮ ወደብ ላይ ቆሟል። ሞተሩ ዝም ሲል ደግሞ የሰው ድምፅ ይጎላል። ትንሿ አማሪስ መታጠቢያ ቤት ገብታ ታንጎራጉራለች። ዶኛ ኤኔይዳ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጠው የጉልበታቸውን ማሰሪያ ሲያጠብቁ የልጃቸው ድምፅ በበሩ ክፍተት ገባ።

«ጀልባው ሞልቷል እላታለሁ» አለች ኢቬሊስ። «ለሦስት ሰው ብቻ ነው ቦታ የቀረው እላታለሁ። እሷ ካለች ልጅቷ መተንፈስ አትችልም።»

«ብታውቅብሽስ?» አላት ባሏ።

«በምን ታውቃለች? እንግሊዝኛ አታነብ። ለእሷ የሽማግሌዎቹን አውቶቡስ ገዝቼላታለሁ። ቤተ ክርስቲያን ያሳዩዋታል፣ ደስ ይላታል።»

ዶኛ ኤኔይዳ ማሰሪያውን እንደያዙ ቀሩ። ሌላ ነገር ብትል ኖሮ፣ ትነዘንዛለች፣ ታለቅሳለች፣ ትሳፈርና ታስመልሳለች ብትል ኖሮ እንደ ሁልጊዜው ሆድ ይፍጀው ብለው ያልፉት ነበር። ግን «መተንፈስ አትችልም» አለች። ያቺ ልጅ አስም ይዟት እንደ ተበሳ ጎማ ስታፏጭ ጀርባዋን እየደባበሱ ማን ነበር ያነጋው? እናቷ የኢንሹራንስ ቢሮዋ እንዳይቀርባት ስትሮጥ ሐኪም ቤት ወረፋ ይዞ የተቀመጠው ማን ነበር? አስሙ ከለቀቃት ሁለት ዓመት አልፎታል፤ ዶኛ ኤኔይዳ ግን የአስም መድኃኒት መንፊያዋን ዛሬም በቦርሳቸው ይዘው ነው የሚዞሩት። ማሰሪያውን አጥብቀው ሲያበቁ ከሚገባው በላይ ጠብቆ ኖሮ መልሰው ፈቱት።

ቁርስ ላይ ማንም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆነ። የላይኛው ፎቅ አዳራሽ እንደ ገበያ ይጮሃል፤ ሰዉ ሐብሐቡን ከተጠበሰ ሥጋ፣ ሥጋውን ከኬክ ጋር ቆልሎ ይዞራል፤ ተከፍሎበታልና ካልተበላ የሚቆጭ ይመስል። ዶኛ ኤኔይዳ አንድ የተቀቀለ እንቁላል ወሰዱ። በዚሁ ጠረጴዛ ላይ ነው፣ ከከተማቸው ከሳን ሁዋን ከተነሱ ጀምሮ፣ አንቲጓ ደሴት ስንደርስ የት እንሂድ የሚለው ጭቅጭቅ ሲደረግ የከረመው። ትልቁ ባለ ሁለት ቀፎ ጀልባ ርካሽ ነበር፤ ሁለት መቶ ሰው አጭቆ፣ ሙዚቃ እያስጮኸ፣ ሮም የሚሉትን አረቄ በነፃ እየቀዳ የሚሄደው። ትንሿ የሸራ ጀልባ ስምንት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ለአንድ ሰው ዘጠና አምስት ዶላር። ዶኛ ኤኔይዳ ከመጀመሪያው በትልቁ ነበር የተከራከሩት። «ሁለት መቶ ሰው የያዘ ቢሰምጥ ዓለም ይደርስለታል፤ ስምንት ሰው የያዘ ቢሰምጥ ጋዜጣ ላይ እንኳ አይወጣም» ብለው ኤድጋርዶን ሲያስቁት ሰንብተዋል። እሳቸው ግን ቀልዳቸውን አልነበረም።

ነገሩ የአንድ ቀን ሽርሽር ቢሆን ኖሮ ማን ይጨቃጨቅ ነበር! ሳን ሁዋን ባሕር ዳር ልጆች ሸራ መንዳት የሚማሩበት ክበብ አለ። አማሪስ የክፍል ጓደኛዋ ከገባች ወዲህ እኔም፣ እኔም እያለች ትለምናለች። ዶኛ ኤኔይዳ ሁለት ጊዜ እምቢ ብለዋል። ልጅቷን ከትምህርት ቤት የሚያመጧት፣ የሚያበሏት፣ ሳንቱርሴ ሰፈር ያለችው ቤታቸው ውስጥ እስኪመሽ የሚጠብቋት እሳቸው ናቸውና እምቢታቸው እምቢታ ነው። እዚህ ጉዞ ላይ ግን ኤድጋርዶ ልጁን ለብቻዋ ጠርቶ ቃል ገባላት፤ በትንሿ ጀልባ ወጥተሽ ካልፈራሽ፣ ደረትሽም ካላፈነሽ፣ ስንመለስ አስመዘግብሻለሁ አላት። ስለዚህ ዛሬ የሚወሰነው የዛሬ ብቻ አይደለም። ዶኛ ኤኔይዳ እንቁላላቸውን እየላጡ ይህን ሁሉ ያሰላስላሉ።

«እማዬ» አለች ኢቬሊስ፣ ዓይኗን ከቂቤ ቢላዋው ሳታነሳ። «የትንሿ ጀልባ ነገር… ለሦስት ሰው ብቻ ነው ቦታ የቀረው አሉኝ። ምን ላድርግ ብለሽ ነው።»

«ለሦስት ብቻ?»

«ለሦስት ብቻ።»

«አይ፣ ምን ይደረጋል» አሉ ዶኛ ኤኔይዳ። ጨው እንዲያቀብላቸው ኤድጋርዶን ጠየቁት። ኤድጋርዶ ጨውን ሲያቀብል ስኳሩን ደፋ። አማሪስ ቀና አላለችም፤ በሹካዋ ፓንኬኳን ስትበሳ፣ ስትበሳ ወንፊት አስመሰለችው። ያኔ ነው ዶኛ ኤኔይዳ ልጅቷም እንደምታውቅ የገባቸው። 

ወደቡ ላይ አውቶቡሱ ተገትሮ ይጠብቅ ነበር። ባርኔጣ ያጠለቁ አሮጊቶችና ምርኩዝ የያዙ ሽማግሌዎች አንድ በአንድ ይወጡበታል። ኢቬሊስ የእናቷን ጉንጭ ሳመች፤ ውሃ መያዛቸውን ጠየቀች፤ ፀሐይ እንዳይመታቸው አስጠነቀቀች፤ ሰው ሲዋሽ እንደሚያደርገው አሳቢነት አበዛች። አማሪስ ደግሞ ሮጥ ብላ አቅፋቸው፣ አንድም ቃል ሳትናገር አባቷን ተከትላ ሄደች።

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ አንድ እግራቸውን አሳርፈው ዶኛ ኤኔይዳ ደንግጠው ቆሙ። ልጅቷ «ባርኪኝ» ሳትል ሄደች። እነሱ ቤት ማንም ሰው «ባርኪኝ» ሳይል ከበር አይወጣም፣ ስልክ አይዘጋም፣ አልጋው ላይ አይወጣም። ኢቬሊስ እንኳ በዚህ ዕድሜዋ፣ ተጣልተው ሲከራርሙ እንኳ፣ ከደጅ ሆና በቁጣ «ባርኪኝ!» ብላ ጮሃ ነው የምትሄደው፤ እሳቸውም በቁጣ «እግዜር ይባርክሽ!» ብለው ይመልሳሉ። ዛሬ ግን እሷም ረስታዋለች። አማሪስ ግን አልረሳችም፤ ዶኛ ኤኔይዳ የልጅ ልጃቸውን ያውቃሉ። ባርኪኝ ያለ ልጅ «ወዴት ነው?» ይባላል፤ ወዴት ነው የተባለ ልጅ ይዋሻል። ልጅቷ በተዋሸ ነገር ላይ ምርቃት መቀበል ፈርታ ነው ሳትመረቅ ወደ ባሕር የሄደችው።

«እትዬ፣ ይወጣሉ አይወጡም?» አላቸው ከኋላቸው የቆመ ሽማግሌ።

«እርስዎ ይውጡ» ብለው ወረዱ።

ጥላ ሥር የቆመችው የመርከቡ ሠራተኛ ፔሩ አገር የተወለደች፣ ስፓኒሽ እንደ ውሃ የምትናገር ልጅ ሆና ተገኘች። ዶኛ ኤኔይዳ የአውቶቡስ ትኬታቸውን ሰጧትና በትንሿ የሸራ ጀልባ ቀይሪልኝ አሏት።

«ቦታማ አንድ ቀርቷል፣ እናቴ። ግን መዋኘት ይችላሉ?»

«የደሴት ሰው እኮ ነኝ» አሉ ዶኛ ኤኔይዳ። ይህ መልስ አይደለም፤ ልጅቷ ግን መልስ አድርጋ ወሰደችው።

«ጉልበትዎስ?»

«ጉልበቴ ከእኔ ጋር ነው የሚሄደው፣ ምን ያደርጋል ብለሽ ነው።»

ልጅቷ ሳቀች፤ ልዩነቱን አስከፈለቻቸው፤ በትንሿ የኤሌክትሪክ ጋሪም ራሷ አደረሰቻቸው። እነ ኢቬሊስ መንገድ ላይ ባርኔጣ ሊገዙ፣ ዋጋ ሊከራከሩ ቆመው ነበርና፣ ጀልባዋ ጋ ሲደርሱ ዶኛ ኤኔይዳ በብርቱካናማ የነፍስ አድን ጃኬት ተወጥረው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አስቀምጠው፣ ቀበሌ ተራ እንደሚጠብቅ ሰው ቁጭ ብለው አገኟቸው።

ኢቬሊስ ክው አለች። ኤድጋርዶ አዲሱን ባርኔጣውን አወለቀ፣ መልሶ አደረገው። ቀድማ አፏን የከፈተችው አማሪስ ናት፤ ሳታስበው አመለጣት። «ባርኪኝ፣ እማማ!»

«እግዜር ይባርክሽ» አሉ ዶኛ ኤኔይዳ። ድምፃቸውን ሊያቀዘቅዙ አስበው ነበር፤ እምቢ አላቸው። «ድንግል ትከተልሽ። መንፊያሽን ይዤልሻለሁ።»

አማሪስ እጇን ቁምጣዋ ኪስ ውስጥ ከተተችና የራሷን መንፊያ አውጥታ አሳየቻቸው። «እኔም ይዣለሁ። ሁልጊዜ እይዛለሁ እኮ።» ደስ ይላቸዋል ብላ ነው ያሳየቻቸው። ዶኛ ኤኔይዳ ጎሽ አሉ። በሁለት እጃቸው የያዙት ቦርሳ ግን ባዶ መሰላቸው።

«ዶኛ፣ እንኳን ቦታ ተገኘ» አለ ኤድጋርዶ፣ ከመሬት ዓይኑን ሳያነሳ።

«አዎ ልጄ፤ አንዱ ሰው ሞቶ ይሆናል» አሉት።

የጀልባዋ ጌታ ዴንዚል የሚባል፣ ሽበት የወረረው፣ ቀልደኛ የአንቲጓ ሰው ነው። ተሳፋሪውን በእድሜም በቤተሰብም አላስቀመጠም። እሱ የሚያስቀምጠው በክብደት ነው። ነፋሱ ሸራውን ሲገፋው ጀልባዋ ወደ አንድ ጎን ትጋደላለች፤ ሰዉ ደግሞ ከፍ ባለው ጎን ተደርድሮ ይመልሳታል፤ አቅጣጫ ሲቀየር ሁሉም ዝቅ ብሎ፣ በሸራው ሥር ሾልኮ፣ ወደ ማዶ ይሻገራል። ስለዚህ መሳፈሪያው ላይ ቆሞ ሰዉን ከእግር እስከ ራስ በዓይኑ ይመዝናል። አብረዋቸው ከሚሳፈሩት፣ ፊታቸው በፀሐይ የቀላ ሁለት ወንድማማቾችን ለያያቸው። ሁለት አዲስ ተጋቢዎችን ከፊት አደረጋቸው፤ እነሱም እንደ ለመደ ሰው እግራቸውን በጀልባዋ ጠርዝ በተዘረጋው ገመድ ሥር አሾልከው ከውሃው በላይ አንጠለጠሉ። ከዚያ ኢቬሊስን አያት፤ ዶኛ ኤኔይዳን አያቸው፤ መልሶ ኢቬሊስን አያትና በእንግሊዝኛ የሆነ ነገር አለ። ተጋቢዎቹ ሳቁ።

«ምን አለ?» አሉ ዶኛ ኤኔይዳ።

ኤድጋርዶ ጉሮሮውን ጠራረገ። «እ… እርስዎና ኢቬሊስ እኩል ናችሁ ይላል። ጎን ለጎን ተቀመጡ ነው የሚለው።»

«እኔና እሷ?» አለች ኢቬሊስ። «እኩል?»

ዴንዚል እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ይቅርታ ጠየቀና ዓይኑን በጣቱ ነክቶ ሌላ ነገር ጨመረ። ኤድጋርዶ መተርጎሙን ፈራ፤ አማሪስ ተረጎመችው፤ «ዓይኔ ሚዛን ነው ነው የሚለው፣ እማዬ። ሚዛን ደግሞ ይሉኝታ የለውም።»

ተቀመጡ። ትከሻ ለትከሻ፣ ዳሌ ለዳሌ፣ ብርቱካናማ ለብርቱካናማ። እቤት ውስጥ ሲኮራረፉ አንዷ ወጥ ቤት ትገባለች፣ ሌላዋ ቴሌቪዥን ትከፍታለች፤ ሳንቱርሴ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤት ለዚያ ትበቃለች። ጀልባዋ ላይ መግቢያ የለም። ወደቡን ለቀው ወጡ። ሸራው ነፋስ ሲጎርስ ጀልባዋ ድንገት ተጋደለችና ዶኛ ኤኔይዳ የቅዱሳንን ስም ጠሩ፤ የሁሉንም አልጨረሱትም እንጂ። ዴንዚል ሲጮህ ሁለቱም ጎንበስ ብለው፣ እየተጋጩ፣ እየተደናቀፉ ወደ ማዶ ተሻገሩ። ሲጮህ መልሰው ተሻገሩ። ምሰሶው ሥር የእናትየው ጉልበት ከዳቸውና ኢቬሊስ ክንዳቸውን ይዛ ጎትታ አስቀመጠቻቸው። አመሰግናለሁ አላሉም፤ ምንም አይደለም አላለችም።

 ከተማው ከኋላቸው አነሰ፤ መርከባቸው ራሱ፣ ያ ሁሉ ፎቅ፣ ሳሎን ላይ የሚቀመጥ ጌጥ መሰለ።

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር» አሉ ዶኛ ኤኔይዳ።

ኢቬሊስ አልዞረችም። «ምን ድረስ ሰማሽ?»

«ቤተ ክርስቲያን ያሳዩዋታል፣ ደስ ይላታል እስከሚለው።»

«እማዬ…»

«ተይው። መተንፈስ ያልሽውን ብቻ ነው ያልተውኩት።»

 ኢቬሊስ ቀስ ብላ፣ ወደ ውሃው እያየች፣ «ቤታችን ከባሕሩ ስንት መንገድ ነው?» አለች። «በእግር ይደረሳል። እኔ እስክዳር ድረስ ባሕር ከቁርጭምጭሚቴ በላይ ነክቶኝ አያውቅም። ጓደኞቼ ሲዋኙ እኔ የሁሉንም ልብስ እጠብቅ ነበር። የልብስ ጠባቂ ነበር የሚሉኝ።»

«አልሰመጥሽም።»

«አልሰመጥኩም። ያው እጄን እዪው እንግዲህ።»

ዶኛ ኤኔይዳ አዩት። የልጃቸው እጅ የመቀመጫውን ጠርዝ ይዟል፤ የጣቶቿ አንጓዎች ነጭ ሆነዋል። የእሳቸውም እጅ ከጎኑ እንደዚያው ሆኖ ይዟል። የትኛው የማን እንደሆነ የሚለየው ቀለበቱ ብቻ ነበር። እስከዛሬ ይህች ልጅ ድርቅ ያለች፣ ምንም የማትፈራ፣ ባሏን የምታርበደብድ ናት ብለው ነበር የሚያምኑት። ሥራ ቦታዋ ድረስ ሄዶ የተከራከረላት ሰው የለም፤ የተከራከረችው ራሷ ናት። አሁን ግን በብርቱካናማው ጃኬት ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ በትከሻቸው ይሰማቸዋል። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ብለው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው። ውሃው አልወሰዳትም፤ ፍርሃቱ ግን ይኸው፣ ከእናት ወደ ልጅ እንደ ቀለበት ተላልፎ እጇ ላይ ተቀምጧል።

ከኋላ ዴንዚል አማሪስን ጠራትና መሪውን እንጨት አስያዛት። የዶኛ ኤኔይዳ አፍ ሊከፈት ሲል ኢቬሊስ በክርኗ ጎሰም አደረገቻቸው፤ ዘጉት። ልጅቷ ሁለት እጇን እንጨቱ ላይ አደረገች። መጀመሪያ ያደረገችው ግን ወደ አያቷ ማየት ነው። ዶኛ ኤኔይዳ ፈገግ ለማለት ሞከሩ። ልጅቷ እንጨቱን ገፋ አደረገች፤ አያቷን አየች። ሳብ አደረገች፤ አያቷን አየች። በዚያ መሃል ሸራው መንፈራገጥ ጀመረ፤ ጀልባዋ ዋዠቀች፤ አንደኛው ወንድም ቢራውን ደረቱ ላይ ደፋ።

«ሸራውን! ሸራውን እያየሽ!» አለ ዴንዚል።

አማሪስ ቀና ብላ ሸራውን አየች፤ ወዲያው መልሳ አያቷን። ጀልባዋ እንደገና ዋዠቀች። የልጅቷ እጅ እንጨቱ ላይ ላላ። ዴንዚል የምታየው ምን እንደሆነ በዓይኑ ተከትሎ ዶኛ ኤኔይዳ ላይ ደረሰና ራሱን ነቀነቀ። ያልተናገረውን ለመረዳት እንግሊዝኛ አያስፈልግም ነበር። ዶኛ ኤኔይዳ እጃቸው አፋቸው ላይ እንዳለ፣ ቅንድባቸው ፀጉራቸው ሥር ደርሶ እንደተሰቀለ ያኔ ታወቃቸው። አንድ ቃል አልተነፈሱም። ፊታቸው ግን ሲጮህ ነበር። ትንሽ ከቆየች ልጅቷ እንጨቱን ትለቃለች፤ አልቻልኩም ትላለች፤ ስንመለስ የክበቡ ነገር ይቀራል። ማንም እሳቸውን አይወቅስም። ራሷ ፈርታ ነው ይባላል። አማሪስ ከትምህርት ቤት ስትመለስ በየቀኑ ቤታቸው ትመጣለች፣ ደህና ሆና፣ ደርቃ፣ ሳትረጥብ። የፈለጉትም ይኸው ነበር። በዚያች ደቂቃ ግን አልፈለጉትም።

«ያዢኝ» አሉ ኢቬሊስን።

«ምን?»

«ጃኬቴን ከኋላ ያዢው። ልዞር ነው።»

«አብደሻል እንዴ? ጉልበትሽ…»

«ፊቴን እያየች አትነዳም። ያዢኝ አልኩሽ!»

ኢቬሊስ አንድ እጇን ከጠርዙ አላቀቀች። ቀላል አልነበረም፤ ጣት በጣት ነው ያላቀቀችው። የእናቷን ጃኬት ማሰሪያ ከማጅራታቸው ሥር ጨበጠች። ዶኛ ኤኔይዳ ደህነኛውን እግራቸውን በገመዱ ሥር አሾለኩ፤ ከዚያ የታመመውን በሁለት እጃቸው አንስተው፣ እያቃሰቱ፣ እንደ ተጋቢዎቹ ወደ ውጭ ሰደዱት። ጫማቸው ባዶ ላይ ተንጠለጠለ። ከሥራቸው ያለው ውሃ ሰማያዊም አልነበረም፤ ጥቁር ነበር፤ ይሮጥ ነበር። ጀርባቸውን ለልጅቷ ሰጡ። ገመዱን ጨበጡ።

«አየችኝ?» አሉ።

«አየችሽ» አለች ኢቬሊስ።

ሸራው ተንፈራገጠ። የጨው ውሃ ፊታቸው ላይ ሲረጭ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«አሁንስ?»

«ጀርባሽን እያየች ነው። ግራ ገብቷታል።»

«እኔ የለሁም በያት።»

«እማዬ፣ እኔ አሁን ምንም ማለት አልችልም» አለች ኢቬሊስ፤ ድምፅዋ ለቅሶም ሳቅም ነበር። ማሰሪያውን የያዘው እጇ ጠበቀ፤ የዶኛ ኤኔይዳ አንገትጌ ወደ ላይ ተሳበ። ከኋላ ዴንዚል ቀስ ብሎ አንድ ነገር አለ፤ የልጅቷ ቀጭን ድምፅ መለሰለት። ከዚያ መንፈራገጡ ቆመ። ጀልባዋ ጎኗን አዘንብላ፣ እንደ ተቆጣ በሬ ሳይሆን እንደ ተገራ፣ አንድ መስመር ይዛ ሄደች። ከሥራቸው ውሃው መሮጡን አቆመና መንሸራተት ጀመረ። አንዱ ወንድም አጨበጨበ።

ዶኛ ኤኔይዳ ትንሽ ታገሱ። ከዚያ በላይ አልቻሉም።

«አሁንስ? አየችኝ?»

 ኢቬሊስ ወደ ኋላ ስትዞር ጃኬታቸው ሲጎተት ተሰማቸው። «ሸራውን ነው የምታየው» አለች። «አላየችሽም፣ እማዬ። ረስታሻለች።»

«እሰይ» አሉ ዶኛ ኤኔይዳ፣ ዓይናቸውን ሳይገልጡ።